በአርባ አንደኛው የጀልባ ቀረጥ መዝገብ ስላልተዘጋው መስመር

ጎንደር፣ ጥር 17 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጓድ አዳሙ በላቸው
የአሮጌ ሰነዶችና ዕቃዎች አስወጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና በዚያውም አንድ መዝገብ ስለ መለመን

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የኮሚቴዎን አባላት ጤንነት እጠይቃለሁ። ሲፈርም የሚውለው እጅዎ እንዳይዝል፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ተሰልፈን የምንውለው ሰዎች ጫጫታም ራስዎን እንዳያሳምመው ልባዊ ምኞቴ ነው። እኔ አላምረው ቢያዝን እባላለሁ፤ በጎርጎራ ወደብ በነበረው የጀልባ ቀረጥ ጽሕፈት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ የያዝሁ፣ አሁን በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከእንቅልፌ በቀር ሁሉም ደህና ነው።

ቀርቤ ባነጋግርዎ እወድ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊዎ አምስት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ብላ ስለ መለሰችኝ፣ እንዲህ ያለ ረጅም ስብሰባ ማቋረጥ ነውር መስሎ ስለ ታየኝ፣ ይህን ደብዳቤ በካርቦን ስድስት ቅጂ አድርጌ ሰው ቆሞ በሚያነብበት ግድግዳ ሁሉ ልለጥፈው ወሰንሁ። በዚህ ምክንያት ለጥያቄ የምፈለግ ከሆነ ማኪና መላክ አያስፈልግም፤ ነዳጅ ለሀገር ይቆጠብ፤ በእግሬ እመጣለሁ። የምለምነው ከዓርብ በኋላ እንዲሆንልኝ ብቻ ነው።

ዓርብን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። በመጋዘንዎ ካሉት የጀልባ ቀረጥ መዛግብት አርባ አንደኛው፣ ማለት የ1970 ዓ.ም. መዝገብ፣ የፊታችን ዓርብ ተገነጣጥሎ እንደሚታደል ሰምቻለሁ። በዚያ መዝገብ ውስጥ የልጄ ስም አለ። ባለቤቴ ወይዘሮ ይርገዱ ሐኪም ቤት ወደ ቤትሽ ሂጂ ካላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ያንን ገጽ በዐይኗ ሳታይ እንዳትሞት እየለመነችኝ ነው። ይህን ከመነሻው የጻፍሁት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ባይኖርዎ ፍሬ ነገሩ እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው በሙሉ ምስጋና ነው።

1ኛ. በቅድሚያ የማመሰግንዎ ስለ ወረቀቱ ነው። ባለፈው ኅዳር ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች የሚታደለው ደብተር ባለቀ ጊዜ፣ ኮሚቴዎ አዘዞ ባለው መጋዘኑ ውስጥ አርባ ሦስት ትልልቅ መዛግብት እንዳሉና የእያንዳንዱም ገጽ ጀርባ ባዶ እንደሆነ ደረሰበት። እኛ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጻፈበትን ፊት ብቻ ስናይ ኖርን፤ እርስዎ ግን በአንድ ቀን ያልተጻፈበትን አዩ። ወዲያው መዛግብቱ በቢላ እየተቆረጡ ከእንፍራንዝ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ላሉ ጣቢያዎች ተላኩ፤ ገበሬው በቀረጥ መዝገብ ጀርባ ላይ ሀ ሁ ይጽፍ ጀመር።

እኔ ሰው ፊደል እንዳይቆጥር የምመኝ አይደለሁም። ያኖረኝም፣ ልጄን አስተምሮ ለመምህርነት ያበቃልኝም ፊደል ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛ ነው። ሥራ ያስተማሩኝ አያ መለሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሐይቁ እርጥበት ቀለም ወደ ጀርባ ስለሚያሳልፍ በአንድ ፊት ብቻ ጻፉ ብለው አጥብቀው አዘዙን፤ እኛም ታዘዝን። ዝርክርኮች ሆነን በሁለቱም ፊት ሞንጭረን ቢሆን ኖሮ መዛግብቱ ዛሬ ለምንም አይረቡም ተብለው መጋዘን ጥግ በሰላም በተቀመጡ ነበር። ንጹሕ ሥራ ይህን ያህል እንደሚያስቀጣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ አልተማርሁም ነበርና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለማመልከቻዬ ስለ ሰጡኝ መልስ ነው። በታኅሣሥ ወር መዛግብቱ የሀገር ቅርስ ናቸው ብዬ አመልክቼ ነበር። ጣናን ማን እንደ ተሻገረ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ወረደ፣ ምን እንደ ጫነ፣ የትኛው ዓመት የጥጋብ የትኛው የረሃብ እንደ ነበር፣ ከእነዚህ መጻሕፍት በቀር የጻፈው እንደሌለ ገለጽሁ። ከዘጌ ስለ መጣው ማርና ጌሾ፣ በደንገል ታንኳ ላይ ቆማ ስለ ተሻገረች በቅሎ፣ ዳግመኛ ስለማይወለደው ስለዚያ ሁሉ የሐይቅ ሰው ጻፍሁ። ጽሕፈት ቤትዎም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሰነዶቹ የፊውዳሉ ሥርዓት የብዝበዛ መሣሪያ ስለሆኑ ቅርስ ሊባሉ አይችሉም ብሎ መለሰልኝ።

ደብዳቤውን ተቀብዬ ሳገላብጠው ጀርባው የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። የኅዳር 1951 ገጽ፤ አንድ ታንኳ ቀዛፊ፣ ሁለት ጭነት ጌሾ፣ አንዲት ሙሽራ ከነሣጥኗ። ወረቀት ስላለቀብዎ በመዝገቤ ላይ መዝገቡ ዋጋ እንደሌለው ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው፣ ፈርመው ልከውልኛል። ከእርስዎ እጅ የተመለሰልኝ ብቸኛ ገጽ እርሱ ስለሆነ አክብሬ አስቀምጬዋለሁ። መዛግብቱ በጠቅላላው ሰባት ሺህ ያህል ገጽ ስላላቸው፣ ልመናዬን ሰባት ሺህ ጊዜ ውድቅ ቢያደርጉልኝ ሁሉም ቤቴ ይገቡ ነበር። እኔም በትጋት ባመለክትሁ፤ ነገር ግን ለዚያ የሚበቃ ዕድሜ የለኝም፣ ይርገዱም የላትም።

3ኛ. ሦስተኛው ለኮሚቴዎ ባለሙያ የሚደርስ ምስጋና ነው። ይህ ወጣት መዛግብቱን መርምሮ፣ አርባ አንደኛው ብዙ ያልተሟሉ መስመሮች ስላሉበት ጉድለት ያለበት ሰነድ ነው፣ ስለዚህ ከቀሩት መዛግብት ቅድሚያ ይወገድ ሲል በቃለ ጉባኤ አስይዟል። ስለ ጉድለቱ ባስረዳው ደስ ባለኝ ነበር፤ አልጠየቀኝም እንጂ ከበሩ ላይ ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንኳ ከወደቡ ሲነሣ የታንከኛውን፣ የተሳፋሪውንና የጭነቱን ስም በየመስመሩ እንጽፋለን። በመጨረሻው ዓምድ አግድም ሰረዝ እናሰምርና ክፍቱን እንተወዋለን። ሰውየው ሲመለስ፣ ወይም ከወዲያኛው ዳር በሰላም ወረደ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ በሰረዙ ጫፍ ትንሽ ቀጥ ያለ ጭረት እናደርጋለን፤ መስመሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሐይቁ ያስቀረው ሰው መስመር ግን ክፍት ይቀራል። ጣና ሁልጊዜ ሬሳ አይመልስም። ሬሳ ከሌለ ደግሞ ሚስት ታልቅስ ወይስ ትጠብቅ ማን ይነግራታል? ስለዚህ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። አይጮኹም፣ አያለቅሱም፤ በመስኮቱ ብቅ ብለው መስመሩ ተዘጋ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አልተዘጋም ስንል ይሄዳሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ተስፋቸውን ሲቆርጡ፣ ዝጋልኝ ይላሉ። ያን ጊዜ መጽሐፉን አዙረን እናሳያቸውና እያዩን በሰረዙ ጫፍ ትንሽ መስቀል እናደርጋለን። ለቅሶው የሚጀመረው ከመስኮታችን ሥር ነው። የደብሩም ካህናት መስመሩ መዘጋቱን ከእኛ ሳይሰሙ ሬሳ ለሌለው ሰው ፍትሐት አያደርሱም ነበር። ይህን ያዘዘ ደንብ የለም፤ አያ መለሰም ከፊተኛው መዝጋቢ ነው የወረሱት። በአርባ ሦስቱ መዛግብት ውስጥ እስከ መጨረሻው ክፍት የቀሩት ስድሳ ሦስት ናቸው፤ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ባለሙያዎ ጉድለት ያለው የስድሳ ሦስት ሰው መቃብር ነው፤ ሌላ መቃብር የላቸውም።

4ኛ. አራተኛ፣ በስተርጅና ሀገሬን እንዳይ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በጡረታዬ ንጹሕ ደብተር እየገዛሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሸክፌ፣ ከጣቢያ ጣቢያ እዞራለሁ። አንድ የመዝገብ ገጽ ለሚመልስልኝ ሁለት ንጹሕ ወረቀት እሰጣለሁ። በአዘዞም፣ በእንፍራንዝም፣ በቆላ ድባም ዞሬአለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድ ገበሬ፣ «ምነው አያ፣ ሸጋውን ወረቀት ሰጥተህ ያደፈውን ትለቅማለህ? ደህና ነህ?» ብሎ ግንባሬን በእጁ ዳስሶ ትኩሳት እንዳለብኝ አየልኝ። እስከ ዛሬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሰብስቤአለሁ። የቀሩት ስድስት ሺህ ከምናምን ናቸው።

በዚህ ዙረት አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለኝ። ከጎርጎራ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ጣቢያ የምትማር፣ ወለተሩፋኤል የምትባል ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አስተማሪዋ እንደ ነገረኝ፣ ፊደል ለይታ ቃል መግጠም በጀመረች ሰሞን የታደላትን ወረቀት ገልብጣ ጀርባውን ታነብ ገባች፤ ከመማሪያው መጽሐፍ ውጭ በሕይወቷ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል የባሏ ስም ሆነ። የሄደበት ቀን፣ የጫነው ኑግ፣ ሁሉም አለ። መስመሩ ክፍት ነው። ስትጮህ ትምህርቱ ተቋረጠ። እኔ ስደርስ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከታው ነበር። አየችኝና አወቀችኝ። «አያ አላምረው፣ ያች መስኮት ላይ ያለኸው አይደለህ? እንግዴህ ዐይኔ በርቷል። አንተን መጠየቅ ቀርቶልኛል» አለችኝ። ደብተር ብሰጣት፣ ሁለት ብሰጣት፣ ቦርሳዬን እንዳለ ብዘረግፍላት ገጹን አልለቅም አለች። ከዚያም ወደ ላይ ቀና ብላ፣ «ይህን ወረቀት የላከልኝን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እናቱን ያቆይለት» ስትል መረቀች። ወረቀቱን የላኩት እርስዎ ስለሆኑ ምርቃቱን ሳላጎድል አድርሻለሁ።

5ኛ. አምስተኛው ምስጋና አይደለም። እስከዚህ ድረስ ራሴን ገትቼ ጻፍሁ፤ ከዚህ በኋላ አልችልም።

ልጄ አስማረ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሰኔ 1970 አንድ ማለዳ ወደ ወደቡ መጣና ወደ ዘጌ እሻገራለሁ አለኝ። ለምን እንደ ቸኮለ አልጠየቅሁትም፤ ያንን ዓመት በጎንደር የኖረ ሰው አይጠይቅም። ሽንኩርት የጫነ ዳኛው የሚባል ታንከኛ ነበርና አብሮት ተሳፈረ። እኔው ጻፍሁት፦ አስማረ አላምረው፣ መምህር፣ ጭነት የለውም። እናቱ የቋጠረችለትን ጭኮ እንኳ ጥሎት ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ተነሣ። ዘጌ አልደረሱም። በኋላም ሌሎች አባቶች በሚጠይቁበት በር ሁሉ ተሰልፌ ጠየቅሁ፤ በማንም ዝርዝር ላይ አልነበረም።

በአርባኛው ቀን የዳኛው ሚስት መጥታ ዝጋልኝ አለችኝ። መዝገቡን አዙሬ አሳየኋት፤ መስቀሉንም አደረግሁ። ብዕሬ ገና እርጥብ ነበር፤ ከሥር ያለው መስመር የልጄ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ያጠፋሁት ጥፋት ይህ አንድ ነው፤ በአንዲት ታንኳ ከሄዱ ሁለት ሰዎች አንዱን ገድዬ አንዱን አኖርሁ። ምናልባት ዋኝቷል፣ ምናልባት ሱዳን ገብቷል እያልሁ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥሁ። በ1972 ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ መዝገቡ ከእጄ ወጣ። ይርገዱም ማቅ ሳትለብስ፣ ተዝካር ሳታወጣ፣ ሰው እግዜር ያጥናሽ ሳይላት አሥራ አንድ ዓመት ኖረች።

አሁን ግን ለእርሷ በቅቷታል። ባለፈው እሑድ እጄን ይዛ፣ «ለሰው ሚስት ሁሉ ያሳየኸውን ለእኔ ምነው ነፈግኸኝ? ዝጋልኝና ፍትሐቱን ሰምቼ ልሂድ። እዚያ ባጣው የት ነው ብዬ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። ቄሱን አምጥቼ ያለ መዝገብ ይፈጸም ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሌላ ወረቀት ጽፌ ላሳያት አሰብሁ፤ ይህን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርሁም። የያኔውን የእጅ ጽሑፌን ከዛሬው ትለየዋለች፣ አዲስ ቀለምም ታውቃለች። ልትሞት የቀረበችን ሴት በሐሰት መዝገብ አልሸኛትም።

6ኛ. ስለዚህ የምለምነው ሩብ ሰዓት ነው። ወደ መጋዘንዎ ልግባ፤ ስገባም ስወጣም ይፈተሽ፤ ብዕሬን ብቻ ልያዝ። ይርገዱን በቃሬዛ የሚያመጡልኝ አራት ጎረቤቶች አሉ። መዝገቡ ገጽ 112 ላይ ይገለጥላት፤ ከዚያ በኋላ ይቁረጡት። ሌላውን ሁሉ ይውሰዱት። ቅርስ ያልሁትን፣ ስድስት ቅጂ የጻፍሁበትን፣ ሁሉንም ይውሰዱትና ይህን አንድ ገጽ ይተዉልኝ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። አፍሬበታለሁ። የስድሳ ሁለት ሰው ሚስትና ልጅ ግድግዳ ላይ እያነበበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእነርሱን ለእኔ አንድ ገጽ ለወጥሁት። ልሰርዘው ብዕሬን አነሣሁና እንዲሁ ተውሁት። ሰው እዚህ ድረስ እንዴት እንደሚወርድ ቢያንስ ይህ በጽሑፍ ይቆይ።

በዚህ ቦታ ደብዳቤን በመፈክር መዝጋት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን መዝጋት የሚገባኝን ሳልዘጋ ሌላ ነገር ለመዝጋት እጄ አልታዘዝ ስላለኝ፣ ይህንንም ደብዳቤ ክፍቱን ትቼ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜ፣ ለመጋዘንዎ ቁልፍ ደግሞ ለአንዲት ሩብ ሰዓት መዞርን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የቀድሞው የጀልባ ቀረጥ መዝጋቢ
አላምረው ቢያዝን

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ባለሙያ፣ መስመር እንዴት እንደሚነበብ ለማስተማር ያህል
ለጣና ሐይቅ፣ ከእርስዎ ይልቅ ፈጥኖ ቢመልስልኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአራተኛው ቁጥር ያቺ ሴት ያነበበችውን የባሏን ስም ሳልጠቅስ አልፌ ነበር። የተጻፈው በእኔ እጅ ነው፤ ሐምሌ 1944፣ በላቸው አስማማው፣ ስምንት ቁና ኑግ። እናትዎ ያኔ አራስ ነበሩ፤ እርስዎን አዝለው በመስኮቴ አንድ ዓመት ተመላለሱ። ዝጋ ብለው ግን አንድም ቀን አላዘዙኝም፤ «ልጄ ሲያድግ አብሮኝ ቆሞ ይዘጋል» ይሉ ነበር። አሁንም የሚጠብቁት እርስዎን ነው። «ልጄ ጎንደር ትልቅ ሹም ነው፣ እነዚህ መጻሕፍት መቆራረጣቸውን ቢሰማ እንቅልፍ አይወስደውም» አሉኝ። ያስቆረጣቸው ማን እንደሆነ አልነገርኋቸውም፤ ወረቀቱን የላከላቸውን ሰው የመረቁትን ምርቃት ላበላሽባቸው አልፈለግሁም። አባትዎ በእናትዎ ደረት ላይ ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም። የእኔ ልጅ ግን እርስዎ እጅ ላይ ነው፤ እስከ ዓርብ።